የጦርነት ማግስት

ዛሬ ስለ ጨዋታ ላውጋችሁ። ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቼ ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ስንጫወት ተራኪው እኔ ነኝና ምናባዊውን ዓለም መምረጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። ልቤ ያዘነበለው እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ታተመው ዳርክ ሰን ነበር፤ አስማት ምድሪቱን በረሃ ያደረገበት፣ ጠንቋይ ነገሥታት ከተሞችን የሚገዙበት ዓለም ነው (ለፖለቲካ ተንታኝ ምን ይሻላል?)። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወንድሙን ያጣው ወዳጄ ግን፣ «ንጉሥ መጣሉ ቀላል ነው፤ ማግስቱን እንጫወት» አለ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ኤበሮንን መረጥሁ። በዚያ ሳይር የተባለች አገር በአንድ ቀን ትጠፋለች፤ የመቶ ዓመቱም ጦርነት በድንጋጤና በስምምነት ያበቃል። ማን እንዳጠፋት ደራሲዎቹ ሆን ብለው አልጻፉም፤ ፍርዱን ለተራኪው ትተውታል። ወዳጄ ከሳይር የተረፈ ወታደር ሆኖ ገባ። በየሳምንቱ ማን እንዳጠፋት ይጠይቀኛል፤ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።