«ቲቸር፣ ማሳውን እናከራየው ወይ?»

ባለፈው ቅዳሜ ከአጋሮ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ «ቲቸር፣ የነርቭ ህዋስ አንዴ ከሞተ አይተካም ብለው አስተምረውን ነበር። እውነት ነው?» አለኝ።

ታላቅ ወንድሙ ቀፎ ሊሰቅል ዋንዛ ላይ ወጥቶ ከወደቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። አሁን ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ «በስቴም ሴል እናስነሳዋለን» ስላላቸው፣ ቤተሰቡ የቡና ማሳውን ለዓመታት አከራይቶ ገንዘቡን ሊልክ ነው።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ያኔ ያስተማርኩት ሙሉ እውነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች ካደገች አይጥ አእምሮ አዲስ የነርቭ ህዋስ የሚያፈራ ግንደ ህዋስ አግኝተዋል።

«ታዲያ እንደተጎነደለ ቡና ያቆጠቁጣላ!»

የገበሬ ልጅ አይደል! ምሳሌው ለእጅና ለእግር ነርቭ ብዙም አይርቅም፤ የተቆረጠ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል። ህብለ ሰረሰር ግን ሌላ ነው። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ይሠራል፤ አካባቢው ራሱ እድገቱን ያግዳል። ከመቅኔ ወይም ከስብ የሚወሰደው የአዋቂ ግንደ ህዋስም በአብዛኛው ራሱ ነርቭ አይሆንም። ይልቅ ብግነት የሚያበርዱና የተረፉትን ህዋሶች የሚደግፉ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል።

ተስፋ የለም አላልኩትም። አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በ2024 ባሳተመው ሙከራ፣ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ግንደ ህዋስ ከተሰጣቸው 10 ሰዎች 7ቱ በስሜት ወይም በእንቅስቃሴ መሻሻል አሳይተዋል፤ 3ቱ ባሉበት ናቸው። ግን ሙከራው ትንሽ ነው፤ ህክምናውን ካልወሰዱ ሰዎች ጋርም አልተነጻጸረም። ሌላም ነገርኩት፦ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ህዋስ አከርካሪዋ ውስጥ የተተከለላት አንዲት ሴት፣ ከ8 ዓመት በኋላ እዚያው እብጠት አብቅሎባታል።

«በሙከራ ላይ ያለ ህክምና ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በሽተኛው አይከፍልም። እነዚህ ለምን ያስከፍላሉ? ስንት ሰው አከሙ? ስንቱስ ተነሳ? በጽሑፍ ይመልሱላችሁ» አልኩት። ዝም አለ።

ከዚያ ስልኩን ታማሚው ራሱ ተቀበለው። «ማሳው ይቆይ ቲቸር» አለኝ። «የቡና ማድረቂያውን አልጋ በዊልቸሬ ልክ ዝቅ ቢያደርጉልኝ፣ ብልሹውን ቁጭ ብዬ እለቅማለሁ።» የሚያስጨንቀው የጀርባው ቁስል ነበር። ሳይተኛበት በየጊዜው እንዲገላበጥ፣ ለሐኪምም እንዲያሳይ ነገርኩት። ከግንደ ህዋሱ ይልቅ በዚህ ብዙ አወራን።

እናትየው ግን አልተስማሙም። «ልጄ እየተነሳ እኔ መሬት ላቅፍ ነው?» ብለዋል አሉኝ። ነገ እሳቸው ራሳቸው ይደውሉልኛል። ምን እንደምላቸው እስካሁን እያሰብኩ ነው።