ስድስት ብር በሐምሌ ስንት ኪሎ ነው?

«የፕሮጀክት ፕሮፖዛል አጻጻፍ» ስልጠና ያልወሰደ የኛ ዘመን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! እኛማ ሻይና ብስኩቱን ጨምሮ ወስደናል። እዚያ የማትቀር አንዲት ባለ አምስት ማዕዘን ስዕል አለች፦ የሰው፣ የተፈጥሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮ፣ የቁሳቁስና የገንዘብ ሀብት። የመተዳደሪያ ትንተና ይሏታል። የእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያስፋፋት ስትሆን፣ ሐሳቧ ከሮበርት ቻምበርስና ከጎርደን ኮንዌይ የ1992 ጽሑፍ ይመዘዛል። ባጭሩ፣ ሰዎቹ ምን እንደሚጎድላቸው ከመደርደር በፊት በምን እንደሚኖሩ ጠይቁ ነው ነገሩ።

ይሄን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ቤት በደሞዝ ብቻ ቢሰላ ወር አይደርስም። ዕቁብ አለ፣ ዕድር አለ፣ የሱቅ ዱቤ አለ፣ ከዓረብ አገር የምትልክ እህት አለች። ገጠር ሲኬድ ግን አምስቱ ማዕዘን በአንድ ከሰዓት ይሞላል። መሬት ይሄን ያህል፣ በሬ ይሄን ያህል፣ አለቀ።

ሴፍቲኔትን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የማኅበረሰብ ሥራ የሠራ ሰው እንደየአካባቢው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። 6 ብሩ 3 ኪሎውን ይገዛል ተብሎ ነው የተሰላው። ብር መስጠቱ ደግሞ ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ሰው የፈለገውን ይገዛበታል፣ የአካባቢው ገበያም ይንቀሳቀሳል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ግን ክፍያው 8 ብር ቢገባም አልደረሰበትም። ብዙ ተጠቃሚዎች ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጡ።

ከተማ ሆኖ ለሚያይ ግራ ያጋባል፤ ብር የሚጠላ ማን አለ? ድሃ ገበሬ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለዕዳና ለማዳበሪያ ብሎ በርካሽ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆትና ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። እሱ ዘንድ 6 ብር በጥርና በሐምሌ አንድ አይደለም። (የሚገርመው ስዕሏ ጎን «የወቅት መለዋወጥ» የሚል ነበረበት። ፎርም ላይ ስትወርድ ነው የጠፋው።)

እኛ ፎርሙን ብናወጣው ከበሬው ቁጥር በፊት ከየትኛው ወር ጀምሮ እህል ትገዛላችሁ ብለን እንጠይቅ ነበር። ለመግዣውስ ምን ትሸጣላችሁ? መልሱ ፍየል ከሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፍየሉን እየጎተተ ገበያ በሚወጣበት በዚያ ወር አንዷ ፍየል ስንት ታወጣለች?