የጥርስ ሐኪሞቹ ሴራ

ሠርግ ላይ «የማይጠጡት» ወገን ስለሆንኩ የሚቀዳልኝ ሁሌም ያው ሐምራዊ የወይን ጁስ ነው። ጣፋጭነቱ ድድ ያሳክካል። ሰሞኑን አንዱን ብርጭቆ ከፊቴ አስቀምጬ ሳፈጥበት፣ ይህን ነገር የፈጠረው የጥርስ ሐኪም ነው ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝ። ሰው ለሳቅ ያወራው እንዳይሆን ብዬ አጣራሁ። የጥርስ ሐኪም ነው።

ቶማስ ብራምዌል ዌልች ይባላል። መጠጥ በማይሸጥባት በኒው ጀርሲዋ ቫይንላንድ ጥርስ ይነቅል ነበር። አጥባቂ ሜቶዲስት ስለነበር የሚያሰክር ወይን ለቁርባን መቅረቡ ያንገበግበዋል። በ1869 (ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ወይን ጨምቆ በጠርሙስ አሸገና ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ቀቅሎ እርሾውን ገደለ። ዘዴው የፈረንሳዊው የሉዊ ፓስተር ነው። ቤቱ ያደረ ሰባኪ በቁርባኑ ወይን ሰክሮበት ነው ለዚህ የተነሳው የሚል ወሬም አለ፤ ለእኔ ወሬው ትንሽ የተቀባባ ይመስለኛል። ያም ሆነ ይህ፣ «ያልፈላ ወይን» ብሎ ለአብያተ ክርስቲያናት ቢያቀርበው ገዢ አጣ። የእኛ ዲያቆናት ዘቢብ ዘፍዝፈው፣ ጨምቀው ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። ሰውየው አንዱን አግኝቶ ቢጠይቅ ኖሮ የጠርሙስ ቅቀላውም፣ የእኔ የሠርግ መከራም በቀረ ነበር።

ጁሱን ለገበያ ያበቃው ልጁ ቻርልስ ነው፤ እሱም የጥርስ ሐኪም! በ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ለጎብኚ አቀመሰው። በ1913 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን የእንግሊዝን አምባሳደር ሲሸኝ በወይን ፈንታ ጁስ አስቀድቶ ጋዜጠኞች ተሳለቁበት። በዓመቱ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጆሴፈስ ዳንኤልስ መጠጥን ከጦር መርከቦች አስወረደ።

ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም ሲመጣ ግን ጠረጠርኩ። የሳን ፍራንሲስኮው ሄንሪ ኮግስዌል በጥርስና በመሬት የከበረ ሰው ነው። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ በነፃ ካገኘ ውስኪ ምን ያደርግለታል ብሎ በየከተማው ቦኖ ያስተክል ጀመር። መትከሉስ ባልከፋ፤ አንዳንዱ ቦኖ አናት ላይ የራሱን ሐውልት ያቆማል። በ1894 የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች አንዱን ሐውልት በሌሊት ጎትተው ጣሉት። የዋሽንግተኑ ቦኖ ግን በፔንሲልቫኒያ ጎዳናና በ7ኛው መንገድ ማዕዘን ዛሬም አለ። እዚያ ያለ ሐበሻ ሲያልፍ ቀና ብሎ ይየው፤ አናቱ ላይ የቆመችው ወፍ ናት፣ ሐኪሙ አይደለም። ውሃው ከቆመ ቆይቷል።

ኋላ መጠጥ በመላ አሜሪካ በሕግ ተከለከለ፤ የታሪክ መጻሕፍት ግን ክልከላውን ከጥርስ ሐኪሞች ይልቅ ለሌሎች ይሰጣሉ። በ1874 የተቋቋመው የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር አለ፤ በካንሳስ መጠጥ ቤት በመጥረቢያ የምትከሰክሰው ኬሪ ኔሽን አለች፤ የምክር ቤት ሰዎችን በመራጭ ድምፅ እያስፈራራ ክልከላውን ያስፈጸመው ዌይን ዊለር አለ። በ1913 የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ሲፈቀድ ደግሞ መንግሥት ያለ መጠጥ ቀረጥም መኖር እንደሚችል ታወቀው፤ እኔ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለዚህ ነው። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ከፍቶ የትናንት ማታውን ትንፋሽ ሲምግ የሚውል ባለሙያ በመጠጥ ላይ ቂም ባይዝ ነበር የሚገርመው።

ክልከላው ጥር 1920 ሥራ ላይ ዋለ። አስፈጻሚው የቮልስቴድ ሕግ ግን ለቤት ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ቀዳዳ ትቶ ነበር። ካሊፎርኒያ ወይኑን መንቀሉን ትታ ጭራሽ ጨመረችበት፤ ጁስ ሳይቀቀል ከተተወ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለማ። ቫይን-ግሎ በሚል ስም የወፈረ የወይን ጭማቂ ይሸጥ የነበረው ድርጅት ሠራተኛው ቤት ድረስ መጥቶ ይደፈድፍልሃል፤ ከ60 ቀን በኋላ ተመልሶ በጠርሙስ ይሞላልሃል። ለዚህ ንግድ የተቀጠረችው ጠበቃ ሜብል ዎከር ዊለብራንት ናት። ከ1921 እስከ 1929 በፍትሕ ሚኒስቴር ተቀምጣ መጠጥ ሻጮችን ስታስከስስ የነበረችው ራሷ።