«ቲቸር፣ እናትዎ መሆናቸውን አላወቅኩም»

ባለፈው ኅዳር፣ ቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። እናቴን ለስኳር ክትትሏ ከአጋሮ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ግቢ ጋር አይደለም።

ካርድ ክፍል ተሰልፌ ስመለስ አንድ ወጣት ነርስ ፊቷ ቆሞ ይጮህባታል። «መድኃኒቱን ትወስጃለሽ አትወስጂም? እኮ መልሺ! ስንቴ ልጠይቅሽ?» ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይሰማል። እናቴ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

ቀና ሲል አየኝ። «ቲቸር!» ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «እናትዎ ናቸው እንዴ? ይቅርታ ቲቸር፣ አላወቅኩም።»

ከዚያማ እናቴ ባንድ ደቂቃ ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ተሻገረች። ክንዷን ደግፎ አስገባት፣ ወንበር ሳበላት፣ ዝግ ብሎ ጠየቃት። ያኔ ነው እውነቱን የተናገረችው፦ መድኃኒቱ ቶሎ እንዳያልቅባት ግማሽ ግማሽ እየከፈለች ነበር የምትውጠው። እኔ ልጇ እንኳን አላውቅም ነበር። ጩኸቱ ቢቀጥል «እወስዳለሁ» ብላ ትወጣ ነበር፤ እሱም መጠኑን ይጨምርላት ዘንድ ለሐኪሙ ይነግር ነበር።

አልዋሽም፣ ለጊዜው ደስ ብሎኛል። ስንወጣ ግን እናቴ፣ «አጠገቤ የነበሩት ሴትዮስ? እኮ ከእኔ በፊት ነው የመጡት» አለችኝ።

ሴትዮዋ የጤና መድን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ፣ ከኦሮምኛ በቀር የማይናገሩ የገጠር እናት ናቸው። አብሯቸው የመጣ አስተማሪ ልጅ የለም። እኛ ስንገባ እዚያው ቀሩ። እኔም አላየኋቸውም ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ አጀንዳዎቹ አንዱ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር ነው የሚታወቀው። የነርሶቹ ድካም፣ የሰልፉ ርዝመት፣ የመድኃኒት እጥረቱ ይገባኛል። ግን «እርስዎ» ማለት በጀት አይጠይቅም።

ማሚቱ ጋሼን አስቧቸው። በወሊድ ተጎድተው አዲስ አበባ የደረሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ልጅ ነበሩ። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን አከሟቸው፤ ከጎናቸው አቁመውም ሙያውን አስተማሯቸው። ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። ያኔ እንደ ሌላ ሰልፈኛ ቢታዩ ኖሮስ?

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ያ ድምፅ አዲስ አልሆነብኝም። «እኮ መልስ! ስንቴ ልጠይቅህ?» የኔ ድምፅ ነው። ጥያቄ የከበደውን ልጅ ስልሳ ተማሪ ፊት አቁሜ ስንቴ ብያለሁ! ምናልባት ይሄንንም ልጅ። ትምህርቱን ረስቶት ይሆናል፣ አነጋገሩን ግን ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፄ ከፍ ሲል እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ይታየኛል። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም።

በጤና ሙያ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገ ተረኛ ስትሆኑ ደግሞ ፌስታል ይዘው ጥግ የተቀመጡትን እናት መጀመሪያ ስማቸውን ጠይቋቸው። የማን እናት እንደሆኑ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።