ቤት የለወጠ ተማሪ

ባለፈው ሰሞን ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባለችው ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ የዘመዴ ልጅ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ይህ ልጅ በክፍለ ሀገር ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ዘንድሮ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ዲያቆን ነው። «የኔታ፣ እኔስ ወደ አገሬ ልመለስ ነው» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ከተማራቸው ኮርሶች ሦስቱ አልተቆጠሩለትም፤ በቀድሞው ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረው እዚህ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቋል፤ መምህሩ ከሚናገረውም እኩሌታው አይገባውም፤ ለመጠየቅ ግን ያፍራል።

እኔም ነገሩን ሳልመረምር፣ «ዳዊት የደገምህ ልጅ በወረቀት ትሸነፋለህን?» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱም ጉልበቴን ስሞ ዝም ብሎ ሄደ።

ሌሊቱን ግን ተግሣጼ እኔኑ መልሶ ወቀሰኝ። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በአገራችን የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። የሁሉም ግእዝ አንድ ሲሆን፣ በአገባብና በአካሄድ ቤት ከቤት ይለያል። እኔም በወጣትነቴ በአንደኛው ቤት ስምንት ቤት መወድስ ሞልቼ ወደ ሌላው ብሻገር፣ እንደ ጀማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምር ተባልሁ። አስነጋሪዬም በዕድሜ የሚያንሰኝ ልጅ ነበረ። እፍረቱን ስላልቻልሁ፣ ያልገባኝን ገባኝ እያልሁ አንድ ክረምት በከንቱ አሳለፍሁ። በመጨረሻም መምህሩ በጉባኤ መካከል የገዛ ቅኔዬን ምስጢር ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ያን ዕለት አኮፋዳዬን አንሥቼ ልጠፋ ስል ያስቀረኝ ያው ታናሹ ልጅ ነው። ማታ ወደ ጎጆዬ መጥቶ ቁራሹን እያካፈለኝ የቤቱን አገባብ ከሥሩ አስረዳኝ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። እኔ የሸሸግሁትን እፍረት ልጁ በግልጥ ቢነግረኝ ገሠጽሁት።

በማግሥቱ አስጠርቼው ታሪኬን ነገርሁት። ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት አቅርቤ፣ «እስቲ ሀን ፈልግ» አልሁት። እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው ገልጦ ቢያይ አጣት። እኒያ ሊቅ ቃላቱን የደረደሩት በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ተራ ስለ ሆነ፣ ሀ በዚያ አምስተኛ ናት።

«ፊደሉ ጠፍቶህ ነውን?» አልሁት።

«ፊደሉስ ያው ነው፤ የጠፋኝ ተራው ነው» አለ።

«እንግዲያስ በኮሌጁም የጠፋህ ተራው ነው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ይማሩ ዘንድ ታዝዘው ነበር። ጥበብ ያልጎደላቸው ልጆች የባዕድ ትምህርት ከመነሻው መማርን አልናቁም፤ ጸሎታቸውንም አልተዉም» አልሁት። መምህሩን ባልገባው ነገር በዚያው ሳምንት ይጠይቅ ዘንድ፣ ከነባሮቹም ተማሪዎች አንድ የጥናት ባልንጀራ ይፈልግ ዘንድ መከርሁት።

ልጁ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሦስቱን ኮርሶች እንደገና ለመማር ተመዝግቧል፤ ማታ ማታም በዕድሜ ከሚያንሰው አንድ ተማሪ ጋራ ያጠናል። ፈተናው ገና ስለ ሆነ፣ አለፈ ብዬ አላበሥርም። ነገር ግን ካህናትም መምህራንም ወላጆችም የሆንን ሁሉ፣ ቤት የለወጠ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከተግሣጽ አስቀድመን የራሳችንን ጉባኤ ቃና እናስታውስለት።