የሥዕል ትምህርት በርቀት፦ ከአዋሽና ከሰመራ ማስታወሻ

ተማሪ በነበርኩበት ዘመን የመምህሬን ቃል ሳይሆን የእግሩን ኮቴ ነበር የማዳምጠው። ከኋላችን በቀስታ መጥቶ ከአንዳችን ትከሻ በስተጀርባ ሲቆም፣ ምንም ሳይናገር የቆመበት ጊዜ ርዝመት ብቻውን ትምህርት ይሆን ነበር። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀምሮ በአገራችን ዘመናዊው የሥዕል ሥልጠና የቆመው በዚሁ ልማድ ላይ ነው፤ መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ብርሃን፣ አንድን ነገር አብረው ያያሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እንደ ብዙዎች የሙያ ጓደኞቹ በበይነ መረብ ሥዕል ያስተምራል። አሠራሩ ቀላል ነው። እጄ ሲስል የሚያሳይ አጭር ፊልም ቀርጬ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ተማሪዎቹ ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት ያወርዱታል፤ የሠሩትን በእጅ ስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው ይመልሳሉ፤ እኔም በፎቶግራፉ ላይ በቀይ መስመር እርማቴን አሥሬ፣ ጥቂት ቃል በድምፅ ጨምሬ እሰዳለሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ ዌስትፖርት በምትባል ከተማ፣ አልበርት ዶርን ኖርማን ሮክዌልን ከመሳሰሉ ሠዓሊዎች ጋር ባቋቋመው የተልዕኮ ትምህርት ቤት ተማሪው ሥዕሉን በፖስታ ይልክ ነበር፤ መምህሩም በሥራው ላይ ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት አንጥፎ እርማቱን በላዩ ይስልለታል። ተማሪው ወረቀቱን ሲገልጥ የራሱን፣ ሲያለብስ የመምህሩን ያያል። የእኔ ቀይ መስመር የዚያ ስስ ወረቀት ልጅ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ የእኔ መልስ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ይህን ሙሉ በሙሉ መልካም ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ፤ መልሱ ቶሎ የሚደርሰው ተማሪ ሥራውን ሁለተኛ ለማየት ጊዜ አያገኝምና።

በስልክ መስተዋት ላይ የጥፍር ያህሏና የግድግዳ ያህሏ ሥዕል እኩል ናቸው። ስልኩ ትንሽ ካዘነበለ ቀጥ ብሎ የተሣለው ቤት ይጋደላል፤ ተማሪው በማታ አምፖል ካነሣው ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከሁሉ የሚከፋው እጁን አለማየቴ ነው። መስመሩ የተንቀጠቀጠው ከፍርሃት ይሁን፣ እርሳሱን ጫፉ ላይ ጨብጦ በእጅ አንጓው ብቻ ከመሣሉ፣ ፎቶግራፉ አይነግረኝም።

ሆኖም ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አዋሽ ሰባት ኪሎና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ሰመራ የሚኖሩ ልጆች ያለዚህ መንገድ እኔን ባላገኙኝ፣ እኔም እነርሱን ባላገኘሁ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት የአዋሽ ልጅ የመሣያ ከሰል የሚገዛበት መደብር ቢጠፋ ከፕሮሶፒስ ቀጫጭን ጭራሮ ለቅማ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከትታ፣ ክዳኑን በምስማር በስታ በምድጃ ውስጥ ቀበረችው። ይህ ዛፍ ግጦሹን ወርሮ የአፋርን አርብቶ አደር ያስመረረ፣ ከሰሉም በጆንያ የሚሸጥ ነው። የእርሷ ከሰል ጠንከር ይላል፤ ወረቀት ይቧጭራል፤ ጥቁረቱ ግን የሚያስቀና ነው።

ይህችው ልጅ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በቀትር የቆመች ፍየል ስላ ላከችልኝ። አቋቋሟ ጥሩ ነበር። ሆዷን ግን ነጭ አድርጋ ትታዋለች። እኔም ሳልዘገይ ቀዩን አንሥቼ፣ «ብርሃን ከላይ ይመጣል፤ የሆዷን ጥላ አጥቁሪው» አልኳት። አጥቁራ መለሰችው። «አሁን ትክክል ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልላከችም።

በታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች የመሬት መንቀጥቀጡ በርትቶ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከመኖሪያው ሲነሣ፣ ዝምታዋን በዚያ ምክንያት አደረግሁት። ስልክ ብደውል አይነሣም። ነገር ግን ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር ዝምታው ከመንቀጥቀጡ ቀድሞ መጀመሩ ይከነክነኝ ነበር።

በሚያዝያ ለሥራ ወደ ሰመራ ስሄድ አዋሽ ላይ ወረድኩ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር አገልግሎቱን ባቆመው በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ጠበቀችኝ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው፣ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ። እናቷም በዚሁ ሥርዓት ያሳለፉትን ነገሩኝ፤ ልጃቸውም አስተረጎመችልኝ። ቤታቸው ተሰንጥቆ ከዘመድ ተጠግተው ነበር፤ ስልኩም ከአባት ጋር ሄዷል። የእናቲቱ ተራ አልቆ የእኔ ሲደርስ ስለ ፍየሏ ጠየቅሁ።

«መምህር፣ እርስዎ እንዳሉኝ አጠቆርኩት፤ ከዚያ ግን ፍየሏ ማታ የቆመች መሰለች። የቱን ማመን እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ተውኩት» አለችኝ።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ከጣቢያው ማዶ ፍየሎች በነጣ አቧራ ላይ ቆመዋል። ፀሐይ መሬቱን መትታ ትመለሳለች፤ የፍየሎቹ ሆድ ከታች በሚመጣ ብርሃን ወገግ ብሏል። እኔ ጥላን የተማርኩት በአንድ መስኮት ብርሃን ሥር ከተቀመጠ የጀሶ ቅርጽ ነው። ልጅቱ ያየችውን ስላ ነበር፤ እኔ የሰማሁትን አርሜባታለሁ። ይህንኑ በእናቷ ፊት ነገርኳት።

ሰመራም ሌላ እርማት ጠበቀኝ። በፊልሜ ላይ ቀለሙን ደባልቃችሁ ረጋ ብላችሁ ቀቡ ያልኩት አክሪሊክ፣ በዚያ ሙቀት ብሩሹ ሸራው ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ሁለቱ ተማሪዎቼ ቀለሙን በረጠበ ጨርቅ ላይ መደባለቅ በራሳቸው ደርሰውበት ኖሯል፤ እኔን ለማስተካከል ግን አፍረዋል።

አሁን ሥራ የሚልክልኝ ተማሪ ሥዕሉን በቀን፣ በደጃፍ ጥላ ውስጥ ያነሣል፤ መጠኑን እንዳውቅ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጣል፤ የሣለበትን ሰዓትና ነገሩ የቆመበትን መሬት ይጽፍልኛል። እኔም ከማረሜ በፊት ምን እንዳየ እጠይቀዋለሁ።

የአዋሿ ልጅ ስልክ የምታገኘው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ እናቷ ለደቦይታ ቤት ከዘንባባ የሚሠሩትን ሰሌን ስላ ላከች። በግራ በኩል ጥለቱ አንድ ቦታ ይዘላል። ስህተት ይሁን አሠራሩ እንደዚያ ይሁን ጠይቄያታለሁ፤ መልሷን እስከሚመጣው ሐሙስ እጠብቃለሁ።