የመንገድ ጊታር

ሻጩ ጊታሩን ከቦርሳው ከማውጣቱ በፊት ጠየቀኝ።

«ለምንድነው የምትፈልገው? ለመዝሙር ነው?»

«አይ… ለልምምድ» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የፈለግኩት ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ልዘፍንበት፣ ቦርሳውን ከፊቴ ከፍቼ ላነጥፈውና አላፊ አግዳሚው የፈቀደውን እንዲጥልበት ነው። ይሄንን ግን ነገ ለማላገኘው ሰው እንኳን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ።

ለምን እንዳቃተኝ አውቃለሁ። እናቴ ያደገችው ጎጃም ነው። ልጅ እያለች ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ ደጅ ድረስ መጥተው፣ የቤቱን ሰው በስሙ እየጠሩ በዜማ ሲያሞግሱና ሲመርቁ እየሰማች ነው ያደገችው። ስለ ድምፃቸው ስታወራ ዓይኗ ይበራል። ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መዝፈን ካቆሙ ለምጽ ይወጣባቸዋል ይባል ነበር» ትላለች። በእሷ ጆሮ ውስጥ ደጅ ላይ መዝፈንና ምጽዋት፣ ምጽዋትና በሽታ አንድ ላይ ተጠላልፈው ቀርተዋል። አዝማሪንም ትወዳለች፤ ሰርግ ላይ ማሲንቆ ሲመጣ ቀድማ የምትሸልመው እሷ ናት። ግን የሰው ልጅ አዝማሪ ይሁን እንጂ የእሷ ልጅ? አቦ ተዉኝ።

ለማንኛውም በዚያን ሰሞን ሥራ አልነበረኝም። ፒያሳ ውስጥ የምሠራባት ትንሽ ማተሚያ ቤት አካባቢው ሲፈርስ አብራ ፈርሳለች። እጄ ላይ የቀረኝ የማውቃቸው ሠላሳ ምናምን ዘፈኖችና አንድ የተሰነጠቀ ጊታር ነበር።

ስለ ተሰነጠቀው ጊታር ላውራችሁ፤ ሁለተኛውን እንዴት እንደመረጥኩ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጊታሬ ቆንጆ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። በ2015 እቁብ ሲደርሰኝ የገዛሁት ነው። የፊት ገጹ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ነው፤ የሚያውቁት ሶሊድ ቶፕ ይሉታል። መብራት ሲያርፍበት ማር ይመስላል። ድምፁም ይጣፍጥ ነበር፣ አልክድም። መንገድ ላይ ይዤው የወጣሁት ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሕፃን ኳስ እየነዳ ወደ እኔ ሲመጣ ጊታሩን አቅፌ ዞርኩ፤ ግጥሙ ጠፋኝ። በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ሲጠቁር ዘፈኑን መሃል ላይ አቋርጬ ሮጥኩ። ዝናቡ ሳይጥል ቀረ። ሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድ የሰከረ ሰውዬ «እስቲ ልሞክራት» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንደ ሌባ ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። እየዘፈንኩ አልነበረም ማለት ነው፤ ዘበኛ ሆኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት አስቀመጥኩት። አንድ ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ደረቅ ነው። እኔ ሞኙ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ስር ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሳወርደው ክሮቹ ከሚታሰሩበት እንጨት፣ ብሪጅ ከሚባለው ጀምሮ እስከ ታች ጠርዝ ድረስ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አየሁ። ኳሱም፣ ዝናቡም፣ ሰካራሙም ምንም ሳያደርጉት ቤቴ ውስጥ ሞተ።

ለአንድ ጠጋኝ በ6000 ብር ሸጥኩለት። በዚያ ላይ 6000 ብር ጨመርኩ። በጀቴ ይኸው ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አዲስ ጊታር ለመጠየቅ ሱቅ ስገባ ሻጩ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ጫማዬን ያያል። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ቴሌግራም ውስጥ ገባሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ጊታር የምታገኙት በብዛት ከሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ኮሮና ላይ ሊማር ገዝቶ፣ ጣቱን ሲያመው የተወው ነው። የእሱ ጊታር አዲስ ይመስላል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን ኳየር የሚያገለግል ነው። የእሱ ጊታር ተገርፏል፣ ግን በየሳምንቱ ተቃኝቷል። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛውን ያዙ።

ወደ ሻጩ ከመድረሴ በፊት አራት አይቼ ትቻለሁ። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እሱ ላይ ስለሆነ። አንገቱ ሰፊ፣ ለናይለን ክር የተሠራ ክላሲክ ጊታር ነው። ባለቤቱ «ድምፁ እንዲጮህ» ብሎ የብረት ክር አስሮበታል። የብረት ክር ከናይለን እጥፍ ገደማ ይስባል። ያ ጊታር ያንን እንዲሸከም አልተሠራም። ብሪጁ ከኋላ ብድግ ብሏል፣ ሆዱም እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቷል። ዋጋው 5000 ብር ነበር። ርካሽ ነው እንዳትሉ፣ ዛሬ ወይ ነገ ብሪጁ ተነቅሎ ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

እንግዲህ ሻጩ ጊታሩን አወጣው። ያማሃ ኤፍ 310። ይሄን ሞዴል ያላየ ጊታር የሚነካ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆዱ ትልቅ፣ ክሩ የብረት ነው። የፊት ገጹ አንድ ወጥ አይደለም፤ ስስ ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ነው፣ አናጢዎች ኮምፔርሳቶ እንደሚሉት። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ጊታሬ አይጣፍጥም። ግን የተደራረበ እንጨት ሙቀቱንም ብርዱንም ይችላል፤ እንደ አንድ ወጡ ቶሎ አይሰነጠቅም። ሜዳ ላይ ደግሞ መኪና እየጮኸ ያንን የጣፈጠ ድምፅ ማን ሊሰማው ነው?

ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያክል ስብራት ነበረበት፣ በኮላ ተጣብቆ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለአገልግሎት ክፍለ ሀገር ስንሄድ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ነው። አልዋሽህም። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል ከተጠገነ፤ አልተነቃነቀም።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያው ልቤ ቀለጠ። ከአይሱዙ ላይ ወድቆ የተረፈ ጊታር ኳስ አይፈራም። ፊቴን ግን አጠቆርኩ፤ መከራከር አለ።

መፈተሽ ጀመርኩ። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ከራሱ በኩል አነጣጥሬ አንገቱን አየሁ፤ ሊታወቅ በማይችል መጠን ብቻ ጎበጥ ብሏል፣ ያ ጤና ነው። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሁሉ የባንክ ካርድ አወጣሁ። ሻጩ ሳቀ። አንድ ካርድ ውፍረቱ ሦስት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ወፍራሙ ክር ስር፣ ሦስት ካርድ ደርበህ ልክክ ካለ የክሩ ከፍታ ጥሩ ነው። አምስት ካርድ እንደ ልብ ከገባ ግን ጣትህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለምንሃል። የእሱ ሦስት ተኩል ነበር፤ አራተኛው ገፋ ሲደረግ ይነካል። ለመንገድ ትንሽ ከፍ ማለቱ አይከፋም፣ ሰው እንዲሰማህ ክሩን መምታትህ አይቀርማ። በጣም ዝቅ ያለ ክር ሲመታ ይንጫረራል።

ብሪጁ ስር ወረቀት ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባም። ሆዱንና ጀርባውን በጣቴ እያንኳኳሁ አዳመጥኩ፤ ውስጡ የተላቀቀ ነገር ካለ ይንቀጫቀጫል። ዝም አለ። እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጫንኩ፣ ሁሉንም። አሰልቺ ነው፣ ሻጩም ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ፤ ግን አትዝለሉት። ሦስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ትንሽ ይንጫረር ነበር። በመጨረሻም ክሩን ባዶውን፣ ቀጥሎ አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይዤ መታሁት። ሁለቱ አንድ ድምፅ፣ አንዱ ከፍ ብሎ መሰማት አለባቸው። ካልተገናኙ ብትቃኙትም ባትቃኙትም ላይኛው ላይ ስትደርሱ ያዋርዳችኋል። ተገናኙ።

ከዚያ ፍተሻውን ትቼ ትዝታ ቅኝት ላይ አንድ ነገር ተጫወትኩ። ድምፁ ጠንካራ ነው፣ ትንሽም ሻካራ። እንደ ክራር ደረቅ ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ጊታሬ ላይ ትዝታ ስጫወት ሆቴል ውስጥ እራት የሚበሉ ሰዎች ይታዩኝ ነበር። እዚህ ላይ ግን የተጣራ ሰው መሰለኝ።

ሻጩ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ልምምድ አይደለም የምትፈልገው» አለ።

«ለመንገድ ነው» አልኩት። ሲወጣ ቀላል ነበር።

ምክር የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሰጠኝም። «እሱማ መንገድ ያውቃል» ብሎ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። 14000 ነበር ያለው። በሚንጫረረው ፍሬት 1000፣ በዛጉት ክሮች 1000 አወረድኩት። ሊያገባ ነው፣ ለሰርጉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ማስጨነቅ ነውር መሰለኝ። 500 ብር በራሱ ቀነሰና በ11500 ተስማማን። ቦርሳውንም ሰጠኝ። በቀረኝ 500 ብር አዲስ ክር አልሞላልኝም፤ በዛጉት ጀመርኩ።

የረሳሁት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ማንጠልጠያ። ጊታሩ ቀበቶ የሚያያዝበት ቁልፍ ያለው ከታች በኩል ብቻ ነው። ከላይ የለውም። እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዘፈንኩ።

ቦታውን የመረጥኩት ከኋላዬ ግንብ ስላለ ነው። ሜዳ ድምፅ ይበላል። ግንብ ግን ወደ ሰው ይመልስልሃል፣ ማጉያ ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማታ ማታ ሰው በብዛት ይወጣል፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። የመጀመሪያው ቀን 137 ብር አገኘሁ። ኳስም መታኝ፣ እዚያው የአይሱዙው ስብራት አጠገብ። ኳሱን በእግሬ መልሼ ዘፈኔን ቀጠልኩ። ግጥሙ አልጠፋኝም።

ያልጠበቅኩት ነገር ሌላ ነው። ሰው ይሰጠኝ ነበር፣ ግን አያየኝም። ጎንበስ ብሎ ብሩን ይጥላል፣ «እግዜር ይስጥህ» እንኳን እስክል ሳይጠብቅ ያልፋል። አንዲት እናት ለልጇ አስር ብር ሰጥታ «ስጠውና ና» ስትል ሰማኋት። ቃላቱ እናቴ ለላሊበሎች ቁራሽ ስትልክ ከነገረችኝ ጋር አንድ ነበሩ።

በአምስተኛው ቀን ከአሮጌ ቦርሳ ላይ የቆረጥኩትን ማንጠልጠያ አንዱን ጫፍ ታችኛው ቁልፍ ላይ፣ ሌላውን በጫማ ማሰሪያ ጊታሩ ራስ ስር፣ ከመቃኛዎቹ በታች አሰርኩት። ያስቃል፣ ግን ይይዛል። ቆምኩ። ያው ዘፈን፣ ያው ዝገት ክር። ሰዎች ግን መቆም ጀመሩ። የቆመን ሰው ቆመው ነው የሚሰሙት መሰለኝ። አንዱ የሚወደውን ዘፈን አዘዘኝ። ሌላው ተከራከረኝ፣ «አሳሳትከው!» ብሎ። ብሩ ብዙም አልጨመረም፤ 180፣ 210፣ አንድ ቅዳሜ 460። ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውም ነበር። የለኝም ስለው ትንሽ አሰበና ወደ ግንቡ ጠጋ በል፣ መንገድ አትዝጋ ብሎኝ ሄደ። ጠጋ አልኩ። ድምፄ ይበልጥ ጎላ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀኝ። የአክስቴ ልጅ አየችው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ጋ እስኪደርስ አንድ ቀንም አልፈጀ።

ማታ ስገባ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጊታሩ ትከሻዬ ላይ ነው፣ መደበቂያ የለም። ቀና ብላ አላየችኝም።

«አየሁህ» አለች።

«እሺ እማ።»

ቢላዋው ጣውላው ላይ ትንሽ ጊዜ ብቻውን አወራ።

«በስልኳ ስታሳየኝ ከወገብህ በላይ ብቻ ነው የሚታየው» አለች። «ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ቆሜ።»

ራሷን ነቀነቀችና ሽንኩርቱን በቢላዋው ጠርዝ ጠርጋ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። «ያንን የጫማ ማሰሪያ ቀይረው» አለች፣ «ያሳፍራል።»